ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ፦ አዲስ ፈንክሽን ወደ አስማሚ ንብርብር ስለማስገባት

እ.ኤ.አ. በጁን 2024፣ በእኛ አቆጣጠር በሰኔ 2016 ዓ.ም.፣ ፖዚክስ የተባለው የኦፕሬቲንግ ሲስተም መስፈርት አዲስ እትም ወጣለት። ፖዚክስ አንድ ፕሮግራም ከኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ምን አገልግሎት መጠየቅ እንደሚችል፣ በምን ስም እንደሚጠይቅና ምን ዓይነት መልስ እንደሚያገኝ የሚደነግግ ሰነድ ነው። መጀመሪያ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1988 ሲሆን ስሙን ያወጣለት ሪቻርድ ስቶልማን ነው። ከአሁኑ በፊት የነበረው ዋና እትም የ2008 ነው፤ በመካከሉ የወጡት በአብዛኛው እርማቶች ናቸው። እናም በ16 ዓመታት ውስጥ ሊኑክስም፣ ኦፕንቢኤስዲም፣ ሌሎቹም በየፊናቸው የፈጠሯቸውና በሥራ የተፈተኑ ብዙ ፈንክሽኖች በአንድ ጊዜ የመስፈርቱ አካል ሆኑ።

ጉለሌ ተቀምጦ ፕሮግራም መጻፍ የሚማር ወጣት «ይህ እኔን ምን አገባኝ?» ቢል ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ያለው ከፊቱ ባለው ኮምፒውተር ላይ ነው። ሽሮ ሜዳ ወይም አዲሱ ገበያ አካባቢ አንድ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ብንገባ ሥራው የሚሠራው ብዙ ጊዜ ዓመታት ባስቆጠረ ማሽን ነው። ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ብዙ ነባር ፕሮሰሰሮችን አይቀበልም። ባለቤቱ ወይ ጥበቃ በሌለው ሲስተም ይቀጥላል፣ ወይ ሊኑክስ ያስጭናል። ሊኑክስ ያስጫነውም ቢሆን በየጊዜው አዲስ እትም ለማውረድ የሚያስችል ኢንተርኔት ሁልጊዜ አያገኝም። ስለዚህ ከተማችን ውስጥ አዲስ የተጻፈ ፕሮግራም አሮጌ ሲስተም ላይ እንዲሠራ መጠበቁ የዘወትር ጉዳይ ነው።

ችግሩ እንዴት እንደሚገለጥ እንይ። አንድ ተማሪ ኡቡንቱ 24.04 የተባለው የሊኑክስ ዓይነት በተጫነበት ላፕቶፕ አነስተኛ የመዝገብ ፕሮግራም ይጽፋል። በፍላሽ ይዞት ሄዶ ኡቡንቱ 22.04 ባለው ማሽን ላይ ሊያስነሳው ሲሞክር ፕሮግራሙ ገና ሳይጀምር ይቆማል፤ «ጂሊብሲ 2.38 አልተገኘም» የሚል መልእክት ይወጣል። ጂሊብሲ በአብዛኞቹ የሊኑክስ ማሽኖች ላይ ያለው የሲ ቋንቋ ዋና ላይብረሪ ነው። በ22.04 ውስጥ ያለው እትም 2.35፣ በ24.04 ውስጥ ያለው 2.39 ነው። ተማሪው ኮዱ ውስጥ ስትርኤልኮፒ የሚባለውን ጽሑፍ መገልበጫ ፈንክሽን ተጠቅሟል፤ ይህ ፈንክሽን ጂሊብሲ ውስጥ የገባው በ2.38 ነው። ኮዱ ስሕተት የለበትም፣ ማሽኑም አልተበላሸም። በሁለቱ መካከል የሚቆም ነገር ነው የጠፋው።

ያ በመካከል የሚቆም ነገር አስማሚ ንብርብር ወይም ኮምፓቲቢሊቲ ሌየር ይባላል። ፕሮግራሙ የሚጠብቀውን አገልግሎት ሲስተሙ በራሱ መንገድ ከሚሰጠው ጋር ያገናኛል፤ ጨርሶ የሌለውን ደግሞ ካለው ነገር ይሠራል። በስፋት የሚታወቁት ጥቂት ናቸው። ሲግዊን በ1995 በሲግነስ ኩባንያ በስቲቭ ቼምበርሌን ተጀምሮ የዩኒክስ ፕሮግራሞችን ዊንዶውስ ላይ ያሠራል። ዋይን ተቃራኒውን ያደርጋል፦ ከ1993 ጀምሮ የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን ሊኑክስ ላይ ያሠራል። ግኑሊብ ደግሞ አሠራሩ ለየት ያለ ነው፤ ራሱን ችሎ የሚጫን ላይብረሪ አይደለም። የፈንክሽኖቹ ኮድ ከነሙሉ ጽሑፉ ፕሮግራሙ ውስጥ ይገለበጣል፤ ፕሮግራሙ ሲገነባ ማሽኑ ፈንክሽኑ እንዳለው ይፈተሻል፤ ካለው የማሽኑ ይወሰዳል፣ ከሌለው የግኑሊብ ይገባል። ለእኛ ተማሪ የሚበጀው ይህ ሦስተኛው ነው፤ ፍተሻው የሚደረገው ሲገነባ ስለሆነ ግን ፕሮግራሙን በአሮጌው ማሽን ላይ መገንባት አለበት።

የአስማሚ ንብርብር ሥራ የፍርድ ቤት አስተርጓሚን ሥራ ይመስላል። ምስክሩ «አላስታውስም» ካለ አስተርጓሚው «አላስታውስም» ይላል፤ ዳኛውን ለመርዳት ብሎ የራሱን ግምት አይጨምርበትም። አዲስ ፈንክሽን የሚጨምር ሰውም መስፈርቱ «ይሳካል» ያለበት ቦታ እንዲሳካ ብቻ ሳይሆን፣ «ይከሽፋል» ያለበት ቦታ ልክ እንደተባለው እንዲከሽፍ ማድረግ አለበት። ይህን በቃል መቀበል ቀላል ነው። እጅ ላይ ሲመጣ ግን ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ስለሆነ፣ አንዱን ፈንክሽን ወስጄ በዝርዝር ላሳይ።

ስትርኤልኮፒን የጻፉት የኦፕንቢኤስዲ ሰዎች፣ ቶድ ሚለርና ቴዎ ደ ራት፣ ሲሆኑ በ1998 ከኦፕንቢኤስዲ 2.4 ጋር ወጣ። ዓላማው የሲ ቋንቋን የቆየ አደጋ መቀነስ ነበር። ነባሩ ስትርኮፒ መድረሻው ቦታ ምን ያህል እንደሆነ ሳይጠይቅ ይገለብጣል፤ ጽሑፉ ከቦታው ከበለጠ ጎረቤት ያለውን ማህደረ ትውስታ ይረግጣል። ስትርኤንኮፒ መጠን ይጠይቃል፤ ግን ጽሑፉ ቦታውን ከሞላው መጨረሻውን የሚያመለክተውን ዜሮ ሳያስቀምጥ ይተዋል። ስትርኤልኮፒ ሦስት ነገር ይቀበላል፦ መድረሻውን፣ ምንጩን፣ የመድረሻውን ጠቅላላ መጠን። ከመጠኑ አንድ ባይት ለዜሮ አስቀርቶ የቻለውን ያህል ይገለብጣል። የሚመልሰው ቁጥር ግን የገለበጠውን ልክ አይናገርም፤ የምንጩን ሙሉ ርዝመት ነው የሚመልሰው። የተመለሰው ቁጥር ከመድረሻው መጠን ጋር እኩል ከሆነ ወይም ከበለጠ ጽሑፉ ተቆርጧል ማለት ነው። የጂሊብሲ ሰዎች ፈንክሽኑን ለብዙ ዓመታት ሲቃወሙ ቆይተው በኦገስት 2023 የተቀበሉት ወደ ፖዚክስ መግባቱ ስለታወቀ ነው።

አሁን የራሳችንን ጽሑፍ እንስጠው፦ «ጉለሌ ክፍለ ከተማ»። ፊደሎቹን ስንቆጥር ዘጠኝ ናቸው፤ ሁለት ክፍት ቦታ ሲጨመር አሥራ አንድ። ፕሮግራመሩ «16 ባይት ይበቃል፣ እንዲያውም ይተርፋል» ብሎ ቦታ ያዘጋጃል። ነገር ግን በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ሲወስድ የእኛ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። ዘጠኙ ፊደል 27 ባይት ነው፣ ከሁለቱ ክፍት ቦታ ጋር 29። ስትርኤልኮፒ 15 ባይት ገልብጦ በ16ኛው ላይ ዜሮ ያስቀምጥና 29 ይመልሳል። በ15ቱ ባይት ውስጥ «ጉለሌ» ዘጠኙን፣ ክፍት ቦታው አንዱን፣ «ክ» ሦስቱን ይይዛል። የቀሩት ሁለት ባይቶች የ«ፍ» ግማሽ አካል ናቸው። «ፍ» በሙሉ 225፣ 141፣ 141 ነው፤ የተገለበጡት 225 እና 141 ብቻ ናቸው። ሦስተኛው ስለጎደለ ስክሪኑ ወይም ፕሪንተሩ በ«ፍ» ፋንታ የጥያቄ ምልክት ያለበት ሳጥን ያወጣል። በየወረቀቱ መጨረሻ እንዲህ ያለ ሳጥን ያላየ የአማርኛ ኮምፒውተር ተጠቃሚ የሚገኝ አይመስለኝም።

ይህን ፈንክሽን አሮጌ ሲስተም ላይ የሚተካ ኮድ አምስት መስመር ያህል ነው። የምንጩን ርዝመት ትቆጥራለህ፤ መጠኑ ዜሮ ካልሆነ ከርዝመቱና ከመጠኑ-ሲቀነስ-አንድ ትንሹን ትመርጣለህ፤ ያን ያህል ትገለብጣለህ፤ ዜሮ ታስቀምጣለህ፤ ርዝመቱን ትመልሳለህ። «መጠኑ ዜሮ ካልሆነ» የምትለዋን የሚዘልል ሰው ትልቅ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። የመጠን ቁጥሮች በሲ ቋንቋ አሉታዊ አይሆኑም፤ ከዜሮ ላይ አንድ ሲቀነስ በ64 ቢት ማሽን ላይ የሚገኘው 18,446,744,073,709,551,615 ነው። እንዲጠብቀን የተጻፈው ፈንክሽን ገደብ የለሽ ሆነ ማለት ነው። መስፈርቱ በግልጽ ይናገራል፦ መጠኑ ዜሮ ከሆነ መድረሻው አይነካም፣ የምንጩ ርዝመት ግን ይመለሳል። አንዳንድ ፕሮግራም ሆን ብሎ ዜሮ እየሰጠ ርዝመት ለማወቅ ብቻ ይጠራዋል።

እዚህ ላይ አንድ ፈተና ይመጣል፤ አማርኛ የሚጽፉ ጎበዝ ወጣቶችን ነው ከሁሉ በላይ የሚፈትነው። «ፊደላችንን እየሰበረ መሆኑን እያየሁ ለምን ዝም እላለሁ? በእኔ አስማሚ ንብርብር ውስጥ የሚገባው ስትርኤልኮፒ የፊደል ድንበር ላይ እንዲቆርጥ አደርገዋለሁ።» ሐሳቡ ከቅንነት የመጣ ነው፤ ቢሆንም አጥብቄ እቃወመዋለሁ። ምክንያቱን በባይት ላሳይ። መስፈርቱን ያነበበ ሌላ ፕሮግራመር ስትርኤልኮፒ 29 ሲመልስለት «መጠኑ 16 ስለነበር የተገለበጠው 15 ባይት ነው» ብሎ ያሰላል፤ ይህን ለማሰብ ሙሉ መብት አለው። ከዚያ 15ቱን ባይት ወደ ኔትወርክ ይልካል። በተሻሻለው ኮድ ግን የተገለበጡት 13 ናቸው፤ 14ኛው ዜሮ ነው፤ 15ኛው ባይት ቦታው ቀደም ሲል ይዞት የነበረ ሌላ መረጃ፣ ምናልባትም ከዚህ በፊት የተመዘገበ ሰው ስም ቁራጭ ነው። ፊደል ለማዳን የተደረገ ደግነት የሰው መረጃ አሾለከ። የከፋው ደግሞ ስሕተቱ የሚታየው በአሮጌው ማሽን ላይ ብቻ መሆኑ ነው፤ አዲሱ ማሽን የራሱን ትክክለኛ ፈንክሽን ስለሚጠቀም ፕሮግራመሩ በራሱ ላፕቶፕ ላይ መቼም አያገኘውም።

ፊደሉን ማዳን የሚገባው ከላይ፣ ጠሪው ኮድ ውስጥ ነው። ዘዴውም ቀላል ነው። በዩቲኤፍ-8 ከፊደል መነሻ በኋላ የሚመጡት ተከታይ ባይቶች ሁሉ ከ128 እስከ 191 ባለው ውስጥ ይወድቃሉ። ጽሑፉ መቆረጡን ካወቅህ ከመጨረሻው ባይት ወደ ኋላ ሂድ። 141 ተከታይ ነው፣ እለፈው። 225 መነሻ ነው፤ መነሻው ከኋላው ሁለት ተከታይ ሊኖሩት ሲገባ ያለው አንድ ብቻ ስለሆነ እዚያው ላይ ዜሮ አስቀምጥ። «ጉለሌ ክ» ንጹሕ ሆኖ ይቀራል። ከዚህም የሚሻለው የተመለሰውን 29 አይቶ 30 ባይት ማዘጋጀትና ስሙን በሙሉ መጻፍ ነው።

ስትርኤልኮፒ ቢያንስ በሁሉም ዘንድ አንድ ጠባይ አለው። ከ2024ቱ አዲስ ገቦች ውስጥ ለአስማሚ ጸሐፊ ይበልጥ አስቸጋሪው ኪውሶርት-አር ነው፤ በየሲስተሙ በአንድ ስም የተለያየ ጠባይ ይዞ ኖሯልና። ፈንክሽኑ ለምን እንዳስፈለገ በእኛ ስሞች ማየት ይቻላል። ጉለሌ ውስጥ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል የስም ዝርዝር በፊደል ተራ ይደርደር እንበል። አንዱ ጸሐፊ «ሀይሉ»፣ ሌላው «ሃይሉ»፣ ሦስተኛው «ኃይሉ» ብሎ መዝግቧል። ማሽኑ የሚያየው የዩኒኮድ ቁጥርን ብቻ ነው። ሀ እና ሃ መጀመሪያ ይመጣሉ፤ ኃ ግን ከበ እና ከተ ቤተሰብ በኋላ የተመደበ ስለሆነ በእነሱና በ«ኃይሉ» መካከል በቀለና ተስፋዬ ይገባሉ። መፍትሔው ድርደራ ላይ የሚጠራው አወዳዳሪ ፈንክሽን ሐ እና ኀን እንደ ሀ፣ ሠን እንደ ሰ፣ ዐን እንደ አ፣ ፀን እንደ ጸ የሚያይበት ሠንጠረዥ እንዲኖረው ማድረግ ነው።

ነባሩ ኪውሶርት ለአወዳዳሪው ሁለት ስም ብቻ ይሰጠዋል፤ ሠንጠረዡን ማቀበያ መንገድ የለውም። ፕሮግራመሩ ሠንጠረዡን ሁሉም የሚያየው የጋራ ቦታ ላይ ለማስቀመጥ ይገደዳል። ይኸው ፕሮግራም በሌላ ትሬድ፣ ማለትም ጎን ለጎን በሚሄድ ሌላ የሥራ ክር፣ የትግርኛ ስሞችን ሲደረድር ችግር ይፈጠራል፤ በትግርኛ ሀ እና ሐ የተለያየ ድምፅ ስላላቸው መቀላቀል የለባቸውም። ሁለቱ ትሬዶች አንዱ የሌላውን ሠንጠረዥ ያጠፋሉ። ኪውሶርት-አር አንድ ተጨማሪ ነገር ይቀበላል፦ ለአወዳዳሪው እንዲደርስ የምትፈልገውን ማናቸውንም መረጃ። እያንዳንዱ ድርደራ የራሱን ሠንጠረዥ ይዞ ይሄዳል።

ችግሩ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። በ2008 በጂሊብሲ 2.8 የገባው ኪውሶርት-አር መጀመሪያ አወዳዳሪውን፣ ቀጥሎ ተጨማሪ መረጃውን ይቀበላል፤ አወዳዳሪው ራሱም መረጃውን የሚያገኘው በመጨረሻ ነው። የፍሪቢኤስዲው ተገላቢጦሽ ነበር፤ መረጃው ይቀድማል፣ አወዳዳሪው ይከተላል። ማክኦኤስ የያዘው ይህን ነው። በዊንዶውስ ስሙም ኪውሶርት-ኤስ ሆኖ አቀማመጡ የሁለቱ ቅይጥ ነው፤ መረጃው ለኪውሶርት-ኤስ በመጨረሻ ይሰጣል፣ ለአወዳዳሪው ግን በመጀመሪያ ይደርሳል። ፖዚክስ የጂሊብሲውን መረጠ፤ ፍሪቢኤስዲም ከ14ኛው እትሙ ጀምሮ ወደዚያው ዞረ።

እንግዲህ «ማሽኑ ኪውሶርት-አር አለው ወይ?» ብሎ በስም ብቻ መጠየቅ አይበቃም። ማክ ላይ መልሱ «አዎ» ነው፤ ያንን አምነህ ብትጠራው ሠንጠረዥህን እንደ ኮድ ሊያስኬደው ይሞክርና ፕሮግራሙ ይሞታል። ፍተሻው አንድ ትንሽ ፕሮግራም ጽፎ በፖዚክስ ቅደም ተከተል ኮምፓይል ማድረግ፣ ከተቻለም ሦስት ቁጥር አስደርድሮ ውጤቱን ማየት አለበት። የተሳሳተ ቅደም ተከተል ባለበት ሲስተም ላይ አስማሚው ትንሽ መያዣ ያዘጋጃል፤ በውስጡ የጠሪውን አወዳዳሪና የጠሪውን መረጃ አብሮ ያስቀምጣል፤ ለሲስተሙ የራሱን አወዳዳሪ ይሰጣል፤ ያ አወዳዳሪ ሲጠራ መያዣውን ከፍቶ የጠሪውን አወዳዳሪ በትክክለኛው ቅደም ተከተል ይጠራል። የዚህ ዓይነት ሥራ አይታይም፣ አይመሰገንም፤ ግን የአስማሚ ንብርብር ዕለታዊ እንጀራ ይህ ነው።

አስማሚ ንብርብር ጨርሶ ሊያሟላው የማይችለው ነገርም አለ። ፓይፕ-2 ሁለት ፕሮሰሶች የሚገናኙበትን ቱቦ ሲከፍት በዚያው ቅጽበት «ሌላ ፕሮግራም ሲነሳ ይዘጋ» የሚል ምልክት ያደርግበታል። ይህ በሌለበት ሲስተም ላይ መጀመሪያ በፓይፕ ከፍተህ ቀጥሎ ምልክቱን በሌላ ጥሪ ታደርጋለህ። በሁለቱ ጥሪዎች መካከል ግን ሌላ ትሬድ አዲስ ፕሮግራም ቢያስነሳ ቱቦው ወደማይገባው ቦታ ያመልጣል። ይህን ክፍተት ከላይ ሆኖ መድፈን አይቻልም። ትልልቆቹም ከዚህ ዓይነት ግድግዳ ጋር ተጋጭተዋል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው የመጀመሪያው የሊኑክስ ንዑስ ሲስተም የሊኑክስ ጥሪዎችን ወደ ዊንዶውስ ይተረጉም ነበር፤ በ2019 ይፋ ያደረገው ሁለተኛው እትም ትርጉሙን ትቶ እውነተኛ የሊኑክስ ከርነል ይዞ መጣ።

ከ2024ቱ እትም እኔን በተለይ ያስደሰተኝ የጌትቴክስት ቤተሰብ መግባቱ ነው። ጌትቴክስት አንድ ፕሮግራም ለተጠቃሚው የሚያሳየውን መልእክት በተጠቃሚው ቋንቋ ካታሎግ ውስጥ ፈልጎ የሚያመጣ ፈንክሽን ነው። የግኑ ጌትቴክስት ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ያለ ቢሆንም እስከ አሁን በፖዚክስ ግዴታ አልነበረም። አሁን መስፈርቱን አሟላለሁ የሚል ሁሉ ሊይዘው ይገባል። ከቤተሰቡ አንዱ ኤንጌትቴክስት ቁጥር ተቀብሎ ነጠላውን ወይም ብዙውን ቃል ይመርጣል። ካታሎግ ከሌለ ደንቡ የእንግሊዝኛው ነው፦ አንድ ከሆነ ነጠላ፣ ዜሮን ጨምሮ ሌላው ሁሉ ብዙ። በአማርኛ ደንብ ግን ዜሮም አንድም ከነጠላ ጋር ይሄዳሉ፤ «0 ፋይል ተገኘ» እንላለን። የአማርኛ ካታሎግ ይህን በራሱ ቀመር ይዞ ይመጣል፤ አስማሚውም ቀመሩን ማንበብና ማስላት አለበት። ቀመር ማስላት ስለሚያስቸግር «አንድ ከሆነ ነጠላ» የሚለውን ብቻ አስገብቶ የሚያልፍ አስማሚ እንግሊዝኛ ላይ ሲሞከር ፍጹም ይመስላል፤ ጉድለቱ የሚታየው በእኛና በመሰሎቻችን ቋንቋ ነው።

ታዲያ ለእኛ የሚያስፈልገው ሁሉ እዚህ ንብርብር ውስጥ ይግባ ማለት አይደለም። ሲስተሞች ፊደላችንን በማያውቁበት በእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ግዕዝን በላቲን ፊደል የሚወክል ሥርዓት፣ ሴራን፣ አዘጋጅተዋል። ዳንኤል ሊብኤት የተባለ የሲ ላይብረሪም ጽፏል። ሌሎች በበኩላቸው ፊደላችንን በላቲን ፊደል ቁጥሮች ላይ እየጫኑ የየራሳቸውን ፎንት አወጡ፤ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር። ዩኒኮድ 3.0 በ1999 ፊደላችንን ካካተተ በኋላ፣ ዊንዶውስ ቪስታም በ2007 ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ ከመጣ በኋላ፣ የግል መፍትሔዎቹ ቀስ በቀስ ለጋራው ቦታ ለቀቁ። ለጂሊብሲም የኢትዮጵያ ቋንቋዎችን ሎካል፣ ማለትም የቋንቋና የአገር ልማድ ቅንብር፣ ያበረከተው የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ነው።

የዘመን አቆጣጠራችን ግን በሲ ላይብረሪ በኩል የሚገባበት በር የለውም። መስፈርቱ ወርን ከ0 እስከ 11 ባለው ቁጥር ይይዛል፤ ለጳጉሜን 12 ቁጥር ብንሰጣት ከክልሉ ውጪ ናት። የጂሊብሲ የአማርኛ ሎካልም የሚያሳየው የፈረንጁን ወሮች በፊደላችን ተጽፈው ነው። አንድ ሰው አስማሚ ንብርብሩ ውስጥ ገብቶ የወሩን ቁጥር ወደ እኛ አቆጣጠር ቢለውጠው፣ ያንን ቁጥር የሚጠቀም ማናቸውም ሌላ ፕሮግራም የባክአፕ ቀኑንም፣ የሰርተፊኬት ማብቂያውንም ያዛባል። የኢትዮጵያ አቆጣጠር ከነ13 ወሩ በአይሲዩ ላይብረሪ ውስጥ ተሟልቶ ይገኛል፤ አይሲዩ ከሲ ላይብረሪው በላይ የተቀመጠ ነው፣ አንድሮይድም ይጠቀምበታል። የኢትዮጵያን ቀን የሚፈልግ ፕሮግራም መጠየቅ ያለበት እሱን ነው።

አዲስ ፈንክሽን ጽፎ ለግኑሊብም ሆነ ለሌላ አስማሚ ለማበርከት የሚነሳ ሰው ከኮዱ እኩል፣ አንዳንዴም በላይ፣ ፈተናውን ሊጽፍ ይገባል። ለስትርኤልኮፒ የምመክረው ይህን ነው። 16 ባይት ቦታ አዘጋጅ፤ ከፊቱና ከኋላው ያሉትን ባይቶች በ170 ሙላቸው፤ «ጉለሌ ክፍለ ከተማ»ን ገልብጥ። የተመለሰው 29 መሆኑን፣ 14ኛው ባይት 225፣ 15ኛው 141፣ 16ኛው ዜሮ መሆኑን፣ ከዚያ በኋላ ያለው 170 እንደሆነ መቆየቱን አረጋግጥ። ቀጥሎ መጠኑን 30፣ 29፣ 1 እና 0 እያደረግህ ድገመው። በ30 ሙሉው ይገባል፤ በ29 የ«ማ» የመጨረሻ ባይት ይቀራል፤ በ1 ዜሮው ብቻ ይጻፋል፤ በ0 አንድም ባይት አይነካም፤ አራቱም ጊዜ የሚመለሰው 29 ነው። ፈተናውን ጂሊብሲ 2.27 ባለው ኡቡንቱ 18.04 ላይ፣ መስል የተባለውን ትንሽ ላይብረሪ በሚጠቀመው አልፓይን ላይ፣ ዊንዶውስ ካለም በሲግዊን ላይ አስኪደው።

ከዚያ የሚቀረው መጻፍ ነው። የግኑሊብ መመሪያ ለእያንዳንዱ የፖዚክስ ፈንክሽን አንድ ገጽ አለው። ገጹ ሁለት ዝርዝር ይይዛል፦ ግኑሊብ ያስተካከላቸው የየሲስተሙ ችግሮችና ግኑሊብ ያላስተካከላቸው። ኪውሶርት-አር በየት ሲስተም ላይ ቅደም ተከተሉ እንደሚገለበጥ የሚጻፈው በመጀመሪያው ውስጥ ነው። እንደ ፓይፕ-2 ያለ የማይደፈን ክፍተት ደግሞ በሁለተኛው ውስጥ ከነሲስተሙ ስም ይሰፍራል፤ ፈንክሽኑን የሚጠራው ፕሮግራመርም በዚያ ሲስተም ላይ ከሌላ ትሬድ ፕሮግራም ከማስነሳቱ በፊት በራሱ ኮድ መቆለፊያ ያደርጋል።